የውሻው መኝታ



የዛሬውን ርዕስ ስታዩ «መምህር ምነው? የሚጻፍ ነገር አለቀ እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። የምጽፈው ስለ ውሻ መኝታ ነው፤ ያውም በኪሮሽ ስለሚሠራ የውሻ መኝታ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢያጋጥመኝ ገጹን ገልብጬ አልፈው ነበር። ግን ነገሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሽዶድ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሳይረኑ ሲጮኽ ማማድ ለመግባት ያለን ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። ሰማንያ ዓመት ላለፋት እናቴ 45 ሰከንድ ማለት ከሶፋው ተነሥታ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ኮሪደሩን አልፋ በሩ ላይ መድረስ ነው። ትርፍ የለውም። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን እኅቴ ቤት ነበርኩ፤ እናታችን የምትኖረው እኅቴ ዘንድ ነው። ሳይረኑ ጮኸ፣ ሁላችንም ወደ ማማዱ ተጣደፍን። ከሁላችን ቀድሞ የገባው ግን ውሻው ነው፤ የእኅቴ ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ያመጣችው ቡችላ። ገብቶ በሩ ሥር እየተንቀጠቀጠ ተዘረጋ። እናቴ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ውሻ ባለበት አልገባም» አለች።

እኅቴ «እማዬ፣ በፈጣሪ ይዤሻለሁ ግቢ!» ትላለች። ልጅቱ ውሻውን አቅፋ «ሳቭታ ካልገባች እኔና እሱ እንወጣለን» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሰው ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ የምለው ጠፋኝ። ፍንዳታው ሲሰማ እናቴን ከነምርኩዟ አቅፌ አስገባኋት። ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም።

እናንተ እናቴን የምትፈርዱባት አይመስለኝም። የቄስ ሚስት ናት። አገር ቤት ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን የነበርን ሕዝብ ነን፤ ንጽሕና ለእኛ የሳሙና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ውሻ ደጅ ያድራል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ጎጆ ውስጥ ግን እግሩ አይረግጥም። አባቴ ለጸሎት የሚለብሱት ልብስ በተሰቀለበት ቤት ውሻ ይተኛል ቢባል ሰው «እነዚህ ምን ነካቸው?» ይል ነበር። እንዲህ ስል ግን ውሻን እንጠላ ነበር ማለቴ አይደለም። አባቴ ከመንገድ ሲገቡ ለራሳቸው ውኃ ሳይቀምሱ ለበቅሏቸው ያጠጡ ነበር። በሬውና አህያውም ከሰው እኩል ሰንበትን ይረፉ የሚል ኦሪት ነው ያስተማሩኝ። እንስሳ ቦታ ነበረው። ቦታው ደጅ ነበር፣ እሱ ነው ነገሩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ደጅ የሚባል ነገር የለም።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ አማርኛዋም ይህን ለመስማት አይበቃም። ግን ልጅቱ ብልህ ናት። የውሻ አሠልጣኞች እዚህ አገር «ላማኮም!» የሚሉት ትእዛዝ አላቸው፤ «ወደ ቦታህ!» ማለት ነው። ውሻ የራሱ የሆነ መኝታ ከለመደ፣ ሲደነግጥ ወደዚያ ሄዶ ይተኛል፤ ሰው እግር ሥር አይንከራተትም። ስለዚህ ከማማዱ ጥግ፣ ከበሩ ርቆ፣ ለውሻው መኝታ ልትሠራ ተነሣች። ሱቅ ያለው ለዚያች ጥግ ሰፋ ብሏት ነበርና ወፍራም የትሪኮ ክርና እንደ ጣት የሚወፍር ኪሮሽ ገዝታ፣ ዩቲዩብ ከፍታ መሥራት ጀመረች።

አልሆነላትም። መጀመሪያ የሠራችው ጠርዙ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ተሸበሸበ። ፈታችው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዙሪያውን ተነሣ። እናቴ ከሶፋዋ ሆና ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ታይ ነበር። አንድ ቀን ማታ እጇን ዘረጋችና «ስጪኝ እስኪ» አለቻት። እስከ መሃሉ ድረስ ተረተረችውና እንደገና ጀመረች። «አበዛሽው፣ ከዚያ ደግሞ ፈርተሽ አሳነስሽው» አለች በአማርኛ። እኔ ወደ ዕብራይስጥ ልተረጉም አፌን ስከፍት ልጅቱ «ገብቶኛል» አለችኝ።

ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። በክር የሚሠራ ክብ መኝታና አገር ቤት የሚሰፋው ስፌት አንድ ሥራ ናቸው። እናቶቼ፣ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ሌማት ስትሰፉ ሰንደዶውን መሃል ላይ ጠቅልላችሁ፣ በወስፌ እየወጋችሁ በአክርማ እያሰራችሁ ዙሪያውን ትሄዳላችሁ። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የምትወጉት ይጨምራል። ካልጨመራችሁ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሶብ ይሆናል። ካበዛችሁ ይንሻፈፋል። የኪሮሹም ሕግ ይኸው ነው። የሒሳብ መምህር ባልሆንም ቁጥሩን ልጻፍላችሁ፤ ለልጆቻችሁ ስታሳዩ ይጠቅማችኋል። ኪሮሹ የሚያነሣትን እያንዳንዷን ቋጠሮ «ዓይን» እንበላት። መጀመሪያ በቀለበት ውስጥ 6 ዓይን ይሠራል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት ስለሚሠራ 12 ይሆናል። ከዚያ 18፣ 24፣ 30፣ በየዙሩ 6 እየተጨመረ ይሄዳል። ይህ ለአጭሩ፣ ለጥብቁ አሠራር ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ ልክ ነው። ወለሉ ሲበቃችሁ መጨመሩን ትታችሁ በዚያው ቁጥር ጥቂት ዙር ብትሄዱ ግድግዳው ራሱ ይቆማል። እናቴ አንዱንም አልቆጠረችም። በጣቷ ትዳስሰውና «እዚህ ጋ ርቦታል» ትላለች፤ ቆጥረን ስናየው ልክ ናት።

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴልም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጥርስ ከሚለው ቃል የወጣ፣ ትንንሽ ጥርስ እንደ ማለት። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስማር በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሴቶቹ ዳንቴል ይሠሩ ነበር፤ ኪሮሽ ያጣችው ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ታሾል ነበር። እኛ ወንዶቹ ጓሮ እንቆፍራለን። አባቴ ዘንድ ጠዋት ግዕዝ፣ ከዚያ እዚያ ሄጄ ድንች። ዛሬ ሳስበው ዳንቴሉን ቢያስተምሩኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴም ብትሆን ለክር እንግዳ አይደለችም። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉዟችንን ስንጠባበቅ፣ ናኮጅ የሚባለው ድርጅት ለሴቶቹ የጥልፍ ሥራ ይሰጥ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እሷም የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ ትጠልፍ ነበር። «ያን ጊዜ እጄ ሥራ ሲይዝ ነው ልቤ የሚያርፈው» ትል ነበር። በሳይረኑ ሰሞንም እንደዚያው ሆነች። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክላ የነበረችው ሴትዮ፣ ክሩን ከያዘች ወዲያ ዜናውን ዘጋች።

ይህ የእናቴ ብቻ ነገር አይደለም። በደቡብ ቴል አቪቭ ከ2011 ጀምሮ ኩቺናቴ የሚባል የሴቶች ቡድን አለ፤ ስሙ በትግርኛ ኪሮሽ ማለት ነው። ብዙዎቹ ከኤርትራ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ በሲና በረሃ ታግተው ብዙ ግፍ ያዩ አሉባቸው። ከመሥራቾቹ አንዷ ኤርትራ የተወለዱት መነኩሲት፣ እኅት አዘዘት ኪዳነ ናቸው። ሴቶቹ አብረው ተቀምጠው፣ ቡና እየተፈላ፣ በወፍራም ክር ባለ ብዙ ቀለም ቅርጫት ይሠራሉ፤ እየሸጡም ይተዳደሩበታል። ቅርጫታቸውን ያየ ሰው የእኛን አገር ስፌት ማስታወሱ አይቀርም። ግድግዳውን ዝቅ፣ ወለሉን ሰፋ ብታደርጉት ደግሞ የውሻ መኝታ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አሁን ልጆቻችሁ ቤት ውሻ ወይም ድመት ላለባችሁ (እየበዛችሁ ነው፣ አውቃለሁ) ከእናቴና ከእኅቴ ልጅ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ክር መግዛት ግድ አይደለም። ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ከብብቱ በታች ያለውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ሳታቋርጡ ዙሪያውን ብትቀዱት ረዥም ክር ይወጣዋል፤ ሳብ ስታደርጉት ራሱ ይጠቀለላል። ጥጥ ይሁን፤ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል፣ ቁንጫም ካለበት በዚያ ሙቀት ይሞታል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ይኮማተራል። ልኩን ለማወቅ ውሻው ተዘርግቶ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ለክታችሁ አንድ ስንዝር ጨምሩበት። ስታሰጡት በደንብ ይድረቅ፤ የአሽዶድን የባሕር እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ወፍራም ጥጥ ውስጡ እርጥብ ከቀረ በሁለት ቀን ይሸታል።

መጫወቻም ይሠራለታል። እናቴ ከተረፈው ክር ኳስ ሠራችለት፤ ልጅ ሆነን ከጨርቅ ቋጥረን እንራገጠው የነበረውን ዓይነት። ጎንደር አጠገብ ወለቃ እናቶቻችን ከሸክላ አንበሳና ወፍ እየሠሩ ለእንግዳ ይሸጡ ነበር። ከጭቃ እንስሳ ይሠሩ የነበሩ እጆች አሁን ለእንስሳ መጫወቻ ይሠራሉ። ሰው የማያየው የለም።

እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ለድመት የተንጠለጠለ ክር ያለው መጫወቻ ሰጥታችሁ ዞር አትበሉ። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ የዞረ እሾህ መሳይ ነገር አለ፤ ክር አንዴ ከያዘ ድመቷ ልትተፋው ብትፈልግም ወደ ውስጥ ነው የሚሄድላት። አንዳንዴ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠማል፣ ሌላው አንጀት ውስጥ ይወርዳል። አንጀቱ ሊገፋው ሲታገል እንደ ከረጢት አፍ ይሸበሸብና ይቆረጣል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ብቅ ብሎ ካያችሁ በፍጹም አትሳቡት፤ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ለውሻም ቢሆን የአሻንጉሊት ዓይን ብላችሁ ቁልፍ አትስፉ፤ ነክሶ ይውጠዋል። ዓይኑን በክር ጥለፉት። ኳሱ አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማይገባ ይሁን፤ ተቀዶ ውስጡ ሲወጣም ሳትሳሱ ጣሉት። እናቴ ይህን ስነግራት «ለልጅ የምንጠነቀቀው እኮ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ።

ወደ ማማዱ ልመለስ። መኝታው ካለቀ በኋላ ልጅቱ ለብዙ ቀናት ውሻውን «ላማኮም» እያለች፣ ሲገባበት ቁራሽ ሥጋ እየሰጠች አስለመደችው። ቀጥሎ ሳይረን ሲጮኽ እኔ አልነበርኩም፤ እኅቴ ናት የነገረችኝ። ውሻው ሮጦ ጥጉ ገባ፣ ተጠቅልሎ ተኛ። እናቴ ደፉ ላይ ደርሳ ወደ ጥጉ አየችና ምንም ሳትል ገባች። ከሌላው ጥግ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል አለ።

ወደደችው እንዳትሉኝ። ዛሬም አትነካውም። ኳሱን ስትሰጠው እንኳ ወለሉ ላይ ታስቀምጥና በምርኩዟ ትገፋለታለች፤ ከዚያ ሄዳ እጇን ትታጠባለች። አባቴ ለጸሎት ይለብሱት የነበረው ልብስም እኔ ቤት ነው ያለው፤ «ውሻ ያለበት ቤት አይቀመጥም» ብላ በሻንጣ አድርጋ ሰጠችኝ። በዚህ እኔም አልተከራከርኳትም። ልጅቱም «ሳቭታ ለምን አትነካውም?» ብላ ጠይቃኝ እንደ አቅሜ አስረድቻታለሁ፤ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእጄ። ከዚያ ወዲህ ውሻው ወደ ሶፋው ሲጠጋ ራሷ ትጠራዋለች።

ባለፈው ዓርብ ከሰንበት በፊት ልጠይቃት ሄድኩ። ያረጁ ቲሸርቶች በፌስታል ይዤላት ነበር። አንድ በአንድ እያወጣች ጨርቁን ሳብ ሳብ አድርጋ ለየቻቸው፤ ናይለን ያለበትን ወረወረችብኝ። ልሄድ ስነሣ፣

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «እስኪ ሜትሩን ይዘህ ያን ውሻ ለካልኝ። ያደገ መሰለኝ፤ እግሩ ከመኝታው ይወጣል። ክረምቱ ሳይገባ ልጨምርለት።»