ጥፋቱ ሁሌ የፕሮሰሰሩ ነው?

በኛ በጌም ወዳዶቹ ሰፈር አንድ የታወቀ ፍርድ አለ። አዲስ ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ ነው? እንግዲያው ፕሮሰሰርህንም፣ ማዘርቦርድህንም፣ ራምህንም አብረህ ቀይር! ለካርድ ብቻ ወራት ያጠራቀመ ልጅ ይሄን ሲሰማ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ይበደራል። እኛ ግን ፍርዱ ችኮላ በዝቶበታል ባይ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ አስልቶ ካርዱን "ይሄን ሳል" ይለዋል፤ ካርዱ ይስላል። በሰከንድ 60 ምስል ለማየት እያንዳንዳቸው በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለባቸው። 144 ካማረን ጊዜው ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ሊጥ አቅራቢው ከዘገየ ምጣዱ ቢግል ምን ዋጋ አለው?

ሪዞሉሽን ስንጨምር ግን ሸክሙ በአብዛኛው የሚያርፈው ካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ በ1080ፒ ካርዱን ሥራ የሚያስፈታ ፕሮሰሰር በ4ኬ እኩል ሊራመድ ይችላል። ታዲያ መጠየቅ ያለበት "ስንት ዓመቱ ነው?" ሳይሆን "ምን ልታሠራው ነው?" አይደለም?

አሮጌ ሁሉ ወርቅ ነው እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢንቴል ኮር አይ7-2600ኬ በዘመኑ አንበሳ ነበር። ዛሬ ግን አራት ኮሩ ለብዙ አዳዲስ ጌሞች ያንሳል፤ አማካዩ ቁጥር ደህና መስሎ ጨዋታው በየመሀሉ ቆም ቆም ይላል። ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ስለሌለውም ጭራሽ የማይከፈቱለት ጌሞች አሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የካርዱ ነው። በ2022 መጀመሪያ የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ያለው አሮጌ ቦርድ ላይ ሲሰካ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ኢንቴል አርክ ቢ580ም፣ በ2025 መጀመሪያ ሲፈተሽ፣ በአሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙ አቅም ሲያጣ ታይቷል፤ ድራይቨሩ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጭነው ሥራ ከባድ ነበርና። የሚያናድደን ይሄ ነው፤ ረከስ ያለ ካርድ የሚፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ካርዱ የሚሠራው አዲስ ላለው ነው!

እና ምን ይሻላል? ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የምትወዱትን ጌም ክፈቱና ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጉ። በሰከንድ የሚታየው ምስል በደንብ ከጨመረ ያነቀው ካርዱ ነው፤ ግዙ። ካልጨመረ ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ያኔም ቢሆን ሁሉን አትጣሉ። በ2017 የተገዙ ብዙ ኤኤም4 ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላሉ። የቦርዱ አምራች ያወጣውን ዝርዝር ማየት ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሙከራው አሥር ደቂቃ ነው፤ ዋጋውም ዜሮ።