ብስክሌቱ እንደ ቃሬዛው ይያዝ



እንደሚታወቀው በቅርቡ በተደረገው የእድራችን ስብሰባ ላይ ሦስት ጉዳዮች ተነሥተው ከፍ ያለ ክርክር አስከትለዋል። አንደኛው ባጃጆችና ሚኒባሶች በዋናው መንገድ፣ በሱቆች ደጃፍ ቆመው የሚጭኑበትና የሚያወርዱበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው፣ ማቆሚያው ከዚያ ይነሣ ከተባለ በባለሱቆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወጣቶቹ ያቀረቡት፣ «ብስክሌት ተገዝቶ ሁላችንም በየተራ እንገልገልበት» የሚለው ሐሳብ ነው። ጊዜ በማጠሩ ብዙ ሰው የልቡን ሳይናገር ተበትኗል። እኔም እንደ አንድ ነዋሪ የማምንበትን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማስፈር ወደድሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማቆሚያው ልናገር። ኮን የመንገድ ልጅ ናት። ከጋሸና መገንጠያ ወደ ደላንታና ወደ ደሴ የሚሄደው ሰውና ሸቀጥ በደጃችን ያልፋል። መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም የዋድላ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነሥተው መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. የፈጀባቸው፣ የጅጣን ገደል መንገድ እየቈረጡ ማለፍ ስለ ነበረባቸው ነው። ያው የተቈረጠው መንገድ ደግሞ ከኋላ ለመጣው ለእንግሊዝ ጦር መውረጃ ሆነ። መንገድ እንዲህ ነው፤ የሠራውን ሰው ብቻ አይጠብቅም፣ ለመጣው ሁሉ ያገለግላል። ስለዚህ «መንገዱ የኛ ነው» የሚለው የባጃጅ ነጂም፣ «ደጃፉ የኔ ነው» የሚለው ባለሱቅም እኩል ተሳስተዋል።

አንዲት እናት በስብሰባው ላይ «ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ነፍሴ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው» ሲሉ ሁላችንም ዝም ብለናል። ልጆች በሁለት ሚኒባስ መካከል ሹልክ ብለው ይሻገራሉ፤ ከፊት የሚመጣውን አያዩም፣ የሚመጣውም እነሱን አያይም። በገበያ ቀን ደግሞ የተጫነ አህያ፣ በግ ነጂ፣ ሽማግሌና ባጃጅ በአንድ ጠባብ ቦታ ይተራመሳሉ። እስካሁን ከባድ አደጋ አለመድረሱ የእግዜር ጥበቃ እንጂ የኛ ጥንቃቄ አይደለም።

የነጂዎቹም ብሶት ሳይሰማ መታለፍ የለበትም። አንዱ ወጣት «እኛ ከሰው ከራቅን ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ እኛስ ምን እንብላ?» ብሏል። እውነቱን ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እኛ ጋ እስኪደርስማ በጀሪካን ነጋዴ እጅ ሲያልፍ የሚጨመርበትን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። የባጃጅ ዋጋ የጨመረው በነጂው ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀን አንድ ዋጋ፣ ማታ ምጥ ለያዛት ሴት ሌላ ዋጋ መጥራት ከነዳጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እሱ የሕሊና ጉዳይ ነው።

ወደ ሱቆቹ እንምጣ። ባለሱቆቹ «ማቆሚያው ከተነሣ ገበያችን ይሞታል» ይላሉ። ሱቅ ለኛ ዕቃ መግዣ ብቻ እንዳልሆነ ማንም አይክድም። ደመወዝ እስኪወጣ፣ እህል እስኪሸጥ ድረስ ዘይትና ስኳር በዱቤ የሚሰጠን ማን ነው? በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቈየበት ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶና ብዙ ሱቅ ተዘርፎ ሰው ጨው እንኳ ያጣበትን ወራት አንረሳም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ቀን ጥቂት አይደለም። ባለሱቅ ከወደቀ ሰፈር ይራባል፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከሱቆቻችን የሚገዛው ማን ነው? ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ ቢገዛ ውኃና ብስኩት ነው፤ እሱም ረዳቱ «ሳንሄድ!» እያለ ሲያጣድፈው። ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ክብሪቱን፣ ደብተሩን የሚገዛው በእግሩ የሚመጣው ጎረቤትና ከገጠር ወርዶ እህሉን ሽጦ የሚመለሰው ገበሬ ነው። ይህ ደንበኛ ደግሞ የሱቁ ደጃፍ በመኪና ሲታጠር ቀረብ ብሎ ለማየት እንኳ ይቸገራል። ስለሆነም ማቆሚያው ሩቅ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ቢል፣ ከመንገዱ ወጣ ባለ ቦታ ቢሆን፣ መንገደኛውም ወርዶ ለመግዛት አይርቅበትም፣ የሰፈሩም ሰው ደጃፉን ያገኛል። ዕቃ ለሚያራግፉ መኪናዎች ደግሞ ጠዋት፣ ተማሪ ሳይወጣ፣ የተወሰነ ሰዓት ይሰጣቸው። ይህ ማንንም አይገድልም።

አሁን ብዙ ያነታረከን የብስክሌቱ ጉዳይ ነው። አንዳንድ አባቶች «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብለው ሲያጣጥሉት ሰምቻለሁ። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ በቆመችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ በመሆናቸው ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ሲመላለስ የኖረባቸው ከተሞች ናቸው። በአዲስ አበባም በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለቀቁበት ቀን ተጀመረ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል።

የጋራ ብስክሌት የሚባለው ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ከሌላው ስሕተት መማር ደግሞ ርካሽ ትምህርት ነው። በ1957 ዓ.ም. ክረምት በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም፣ ጥቂት ወጣቶች ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው «ያሻው ሁሉ ይንዳው» ብለው ያለ ቁልፍ መንገድ ላይ አቆሟቸው። ቁልፍ የሌለው ብስክሌት ማቆም በሕግ ክልክል ስለ ነበር ፖሊስ ሰብስቦ ወሰዳቸው። በ1987 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ሳንቲም ሲከተቱበት የሚፈታ ብስክሌት አወጣች፤ ሳንቲሙን ማን እንደ ከተተ ስለማይታወቅ ብዙው ጠፋ። በፓሪስ በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው አሠራር ተጠቃሚው በካርድ ይታወቅ ጀመር፤ እዚያም ቢሆን የተሰረቀውና የተሰበረው ብዙ ነበር፣ ግን አሠራሩ ቆመ። በቻይና ደግሞ ኩባንያዎች በፉክክር በሚሊዮን የሚቈጠር ብስክሌት መንገድ ላይ አፍስሰው፣ ጥቂት ዓመት ሳይቈዩ ሲከስሩ ብስክሌቱ እንደ ተራራ ተከምሮ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የሁሉም የሆነ፣ ግን ጠባቂ የሌለው ዕቃ የማንም አይደለም።

እኛ ደግሞ ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም ነበር። አባቶቻችን የጋራ መጓጓዣ ነበራቸው፤ ቃሬዛ። በሽተኛ ወይም ወላድ ሲኖር ቃሬዛው ያለበት ቤት ይታወቃል፣ የተሸካሚው ተራ ይታወቃል፣ የቀረ ሰው ቅጣቱን ይከፍላል፣ ሲመለስ ገመዱ ታይቶ የላላው ይጠበቃል። ቃሬዛ ጠፋ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ አለ? የለም። ምክንያቱም ሁሉም እንደሚያስፈልገው ያውቃል፣ ያዡም በስሙ ይታወቃል። ብስክሌቱም በዚሁ ደንብ ከተያዘ ይበረክታል ባይ ነኝ።

ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ባቀረቡት ላይ የምቃወመው አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። ብስክሌቱ በእድሩ ገንዘብ ይገዛ መባሉን አልቀበልም። የእድር ሣጥን የሐዘን ቀን ሣጥን ነው። ነገ አንድ ጎረቤታችን ቢያርፍ ለድንኳኑና ለለቀስተኛው ምግብ «ገንዘቡ ብስክሌት ላይ ነው» ልንል ነው? በተለይ ከሣጥኑ በቀር ሌላ ደጋፊ የሌላቸው አሮጊቶች በየወሩ ከጉልት ሽያጫቸው እየቈነጠሩ የከፈሉትን ገንዘብ፣ እነሱ ሊወጡበት ለማይችሉት ብስክሌት ማዋል ግፍ ነው። ብስክሌቱ የሚገዛው በፈቃደኞች እቁብ ይሁን፤ ዕጣ የሚወጣበት ሳይሆን አክሲዮን የሚያዝበት።

ሌላም መባል ያለበት አለ። «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ምን ትሠራለች?» ያሉ ወንድሞች ነበሩ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጃገረዶች ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው፣ ወፍጮ ቤት ደርሰው ነው ትምህርት ቤት የሚገቡት። ለነሱ የተረፈች ግማሽ ሰዓት የጥናት ሰዓት ናት። ከማንም በፊት ብስክሌት የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። ሴቶች የሚቀመጡበት፣ ፊቱ ዝቅ ያለ ብስክሌት ቢያንስ ግማሹ ይሁን።

ከአቅሙ በላይም አንጠብቅበት። ኮን ሜዳ ላይ ብትሆንም ወደ ጅጣ ቍልቍለት በብስክሌት የሚወርድ ካለ ፍሬኑን ሳይሆን ነፍሱን ነው የሚያስይዘው። በክረምት ጭቃና በረዶ፣ በበጋ የደጋው ነፋስ አለ። ብስክሌት ለሰፈርና ለከተማ ነው። ለበሽተኛ ባጃጅ፣ ለሩቅ መንገድ ሚኒባስ፣ ለሸክም አህያ አሁንም ያስፈልገናል።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ. የባጃጅና የሚኒባስ ማቆሚያ ከሱቆቹ ደጃፍ ጥቂት ፈቀቅ ይበል፤ ቦታውን ባለሱቆች፣ ነጂዎችና የተማሪ ወላጆች አንድ ላይ ዞረው ይምረጡ።

2ኛ. የባጃጅ ታሪፍ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለወላድና ለበሽተኛ የሌሊት ተረኛ ባጃጅ ስሙና ስልኩ ይታወቅ፤ ለጭማሪው እድሩ ከነጂዎቹ ጋር ይዋዋል።

3ኛ. ብስክሌቱ በአራት ወይም በአምስት ይጀመር። በነፃ ሳይሆን በየከተማው እንደ ተለመደው በሰዓት ይከራይ፤ ተከራዩ በመታወቂያ ይመዝገብ፤ መያዣው ቤት አንድ ፈቃደኛ ሱቅ ይሁን፤ ያ ሱቅ ከኪራዩ ድርሻ ያግኝ። ይህም ባለሱቁን ከብስክሌቱ ጋር ያስታርቀዋል።

4ኛ. ከኪራዩ የመጀመሪያው ገንዘብ ለካላማዳሪያ፣ ለካቴናና ለጠጋኙ ይቀመጥ። መለዋወጫ የሌለው ብስክሌት ከወር በኋላ የዶሮ ማደሪያ ነው።

5ኛ. የእድሩ ሣጥን አይነካ።

በየተራው ስንነጋገር ባለሱቁ ነጂውን፣ ነጂው ወጣቱን፣ ወጣቱ ሽማግሌውን እንደ ጠላት ማየት የለበትም። ነጂው የባለሱቁ ደንበኛ ነው፤ የባለሱቁ ልጅ ያችው መንገድ የምትሻገር ተማሪ ናት፤ ቤንዚን የሚያጥርበት ነጂም አንድ ቀን ብስክሌት ይከራያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለሌላ ሰው አይደለም።

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቢለጥፍ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ሁላችሁም፣ በተለይም እናቶች፣ ሳትቀሩ እንድትገኙ አደራ እያልሁ አስተያየቴን በዚሁ አበቃለሁ።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ