በውሃ መካከል የተጠማ ባቄላ

ባቄላ በጾም ወራት ለቤታችን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ስልጆውም፣ እልበቱም፣ ንፍሮውም ከእርሱ ይገኛል። ስለዚህ የባቄላ ማሳ ሲጠፋ ጉዳቱ በገበሬው ጎተራ ብቻ አይቀርም፤ የከተማዋም እመቤት ገበያ በወጣች ጊዜ ታውቀዋለች። ዛሬ በደጋው ጥቁር አፈር ላይ ይህን ሰብል ስለሚያደርቀው የሥር በሽታ ጥቂት እንናገራለን።

ነገሩ ለተመልካች ያስደንቃል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ አላቋርጥ ብሎ፣ በመረሬው ላይ ውሃ ተኝቶ ሳለ፣ ባቄላው ውሃ እንዳጣ ሁሉ ይጠወልጋል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ኋላም ጠቁሮ እንደ ቆመ ይደርቃል። አስቀድሞ የሚያዘው ረባዳው ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው አንዳንዱ «የሰው ዓይን በላብኝ» ይላል፤ ሌላው ጎረቤቱን ይጠረጥራል። በዚህም ምክንያት ወሰንተኞች ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተናል።

እኛ ግን ከመፍረድ አስቀድሞ አንዱን ተክል ነቅሎ መመርመር ይገባል እንላለን። የጤነኛው ሥር ነጣ ያለ ነው፤ የታመመው ግን ከሰል መስሎ የጠቆረና የበሰበሰ ስለሆነ ሲነቅሉት በቀላሉ ይበጠሳል። ይህን የሚያደርሰው በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ፉዛሪየም ሶላኒ የተባለ ረቂቅ ሻጋታ ነው። የባቄላ ሥር አየር ይሻልና ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል፤ በደከመም ጊዜ ሻጋታው ገብቶ ያበሰብሰዋል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ ወደ ላይ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ በውሃ መካከል ቆሞ በጥም ይሞታል።

ሻጋታው ወፍራም ቅርፊት ያለው ዘር ስለሚያበጅ፣ ተክሉ ከሞተ በኋላም በአፈርና በተረፈው ሥር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከማሳ ወደ ማሳ የሚያሻግረው በማረሻ፣ በበሬ ሸኮናና በእግራችን ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ነው፤ ጎርፍም ጠርጎ ያወርደዋል። እንግዲህ የላይኛው ባለ ማሳ ውሃውን በታችኛው ላይ ሲለቅ በሽታውንም አብሮ ሊልክ ይችላል። ጎረቤቱን የጠረጠረው ሰው ጥቂት እውነት ነበረው ማለት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ የመጣው በዓይን ሳይሆን በቦይ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ውሃውን ማጠንፈፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ከፍ ያለ መደብና በመካከሉ ቦይ ሲያበጁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥበብ ተከትለው ከአገራችን ማረሻ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው።

ሁለተኛው በአንድ መሬት ላይ ባቄላ፣ አተርና ምስርን አለማከታተል ነው። በመካከሉ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ጤፍ ይዘራ፤ ይህ በሽታውን ፈጽሞ ባያጠፋውም ኃይሉን ይቀንሰዋል። ሦስተኛው ዘር መምረጥ ነው። ከሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡት ሰላሌና ዋዩ፣ በ2008 የወጣውም ወልኪ፣ ውሃ ለሚተኛበት ጥቁር አፈር ታስበው የተመረጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ ቦይ ብቻውን የሚቆፍር ሰው ውሃውን በወንድሙ ላይ ከመድፋት በቀር ሌላ አላደረገም። የአንዱ ቦይ ከሌላው ተገናኝቶ እስከ ወንዙ መድረስ አለበት። ስለዚህ በዚህ ክረምት ዋዜማ፣ ሰማዩ ሳይከብድ፣ ወሰንተኞች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው የውሃውን መንገድ ቢነጋገሩ መልካም ነው። ሰላምታ የተነፋፈጉትም በዚያው ይታረቃሉ፤ ባቄላውም ይድናል።