ዲስክ ቢታወክ መዝገብ አይጥፋ

በደባርቅና በዳባት የእህል ነጋዴውም ሆነ የስሜን ተራሮችን ጎብኚ የሚያስተናግደው ባለ ሆቴል ሒሳቡን ወደ ኮምፒዩተር እያዛወረ ነው። ኮምፒዩተሩም ውድ ዕቃ ስለ ሆነ አንዱ ለሁለት ተግባር እንዲውል ይደረጋል፤ በአንድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ይጫናሉ። ዊንዶውሱ ለሱቁ የፒችትሪ ሒሳብ፥ ሊኑክሱ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጅ ይሆናል።

የዲስኩ ክፍልፋይ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ፥ ወይም ዊንዶውስ እንደ ገና ሲጫን የሊኑክሱን ማስነሻ የሻረው እንደ ሆነ፥ በማግስቱ የሚታየው ጥቁር ገጽ ብቻ ነው። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ጠጋኙም «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ይህ ምክር የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው።

በቀድሞው አሠራር ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የሚያነበው የዲስክ ክፍል 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚሁ ውስጥ 446ቱ የማስነሻው፥ 64ቱ ደግሞ የክፍልፋዮቹ ሠንጠረዥ ነው። እንግዲህ የተበላሸው ይህ ብቻ ከሆነ የጎተራው ቁልፍ ጠፋ እንጂ እህሉ አልተነካም። ጂፒቲ በተባለው በአዲሱ አሠራርማ የሠንጠረዡ ግልባጭ በዲስኩ መጨረሻ ተቀምጦ ይገኛል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ኮምፒዩተሩን ማጥፋት፥ ቀጥሎም ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። (ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ጉዳቱ የዕቃው ነውና ለባለሙያ እስኪሰጥ ባይነካ ይሻላል።) ግልባጩ ከተያዘ በኋላ ቴስትዲስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የክፍልፋዮቹን ፋና ፈልጎ ሠንጠረዡን መልሶ ሊጽፍ ይችላል። ማስነሻው የሚጠገነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም የዊንዶውሱ ቀድሞ፥ ግረብ የተባለው የሊኑክሱ ኋላ ሊሆን ይገባዋል፤ ተራው ከተዛወረ አንዱ ጥገና ሌላውን ሊሽረው ይችላልና።

ፎርማት ግን ይህን መንገድ ሊዘጋው ይችላል። በተለይ ኤስኤስዲ የተባለው ዲስክ ባዶ የተባለውን ስፍራ ራሱ ስለሚያጸዳ፥ የጠፋውን መመለስ እጅግ ያስቸግራል። ያን ጊዜ ገብስና ባቄላ በዱቤ የወሰደው ማን እንደ ሆነ፥ ስንት ብር እንደ ቀረበት የሚናገር የለም። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታም በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የተደነገገ፥ እሱን በተካው በ2013 ዓ.ም. ሕግም የጸና ነው፤ መዝገብ ማቅረብ ያልቻለ ነጋዴ ግብሩ በግምት ሊወሰንበት ይችላል።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በዚያው ዕለት ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ማለት ከንቱ ነበር። ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ጎንደር መሄድም ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። የየከተማው ነጋዴዎች በጋራ አንድ የማስነሻ ፍላሽና አንድ ሰፊ ባዶ ዲስክ ገዝተው በታመነ ሰው እጅ ቢያኖሩ፥ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲንም ስለ አጠቃቀሙ ምክር ቢጠይቁ መልካም ነው። ከጠጋኙም ጋር ውል ሲደረግ፥ ዋጋው ኮምፒዩተሩ ስለ ተነሣ ሳይሆን መዝገቡ ስለ ተገኘ የሚከፈል መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር።