ሳይጠየቅ ስለሚላክ ማስታወቂያ

ደብዳቤ በፖስታ የሚልክ ሰው የቴምብሩን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፤ ተቀባዩ የሚከፍለው ነገር የለም። በኢንተርኔት በሚላከው ደብዳቤ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። አንድ ነጋዴ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ማስታወቂያ ቢልክ የሚያወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያኖረውና የሚያደርሰው ኩባንያ ግን የኮምፒዩተሩን፥ የመሥመሩንና የሠራተኛውን ወጪ ይሸከማል፤ ተቀባዩም ጊዜውን ያጠፋል። ስለዚህ ትርፉ የላኪው፥ ዕዳው የሌላው ይሆናል። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

ይህ ነገር በአሜሪካ አገር ብዙ ክርክር አስነሥቶ ፍርድ የተሰጠበት ስለ ሆነ፥ ሕግ አውጪውም ዳኛውም ሊያስተውለው የሚገባ ነው። (ከዚህ በታች የውጭውን አገር ነገር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሻጭ ዕቃውን ለማስተዋወቅ ወደ 400 ለሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ መልእክት ላከ፤ የዚህ ሥራ ጀማሪ እርሱ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፥ ይህንኑ ብቻ ንግድ አድርገው የሚኖሩ ሰዎች ተነሡ።

እነዚህን ሰዎች ወደ ዳኛ ፊት ያቀረቧቸው ከማንም አስቀድመው አገልግሎት ሰጪዎቹ ኩባንያዎች ናቸው። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ኩባንያ ሳይበር ፕሮሞሽንስ የተባለውን ማስታወቂያ ላኪ በኦሃዮ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በ1997 ፍርድ ቤቱ ላኪው ማስታወቂያውን ወደ ከሳሹ ደንበኞች እንዳይልክ አገደው። የፍርዱም ምክንያት ለማንም የሚገባ ነው። ኮምፒዩተሩ የኩባንያው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ አትጠቀምበት ካለ በኋላ የሚጠቀምበት ሰው በሰው ገንዘብ ላይ እጁን የዘረጋ ነው። የሰውን በቅሎ ሳያስፈቅድ የጫነ ሰው፥ በቅሎዋን ባይሰርቃትም እንኳ ጉልበቷን ወስዷልና ከበደል አይድንም። ላኪው በበኩሉ የመናገር ነጻነት አለኝ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ነገር ግን ያ ነጻነት መንግሥትን የሚያግድ ነው እንጂ በሌላ ሰው ንብረት ያለ ፈቃዱ ለመጠቀም መብት የሚሰጥ አይደለም ተብሎ ተመለሰለት።

በ2003 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ስለዚሁ ነገር ሕግ አወጣ፤ ላኪው ስሙንና መነሻውን በሐሰት እንዳይጽፍ፥ ተቀባዩ ይቅርብኝ ሲልም እንዲያቆም አዘዘ፤ ለአገልግሎት ሰጪዎችም የመክሰስ መብት ሰጣቸው። በመጋቢት 2004 በንግድ የሚፎካከሩት አሜሪካ ኦንላይን፥ ኧርዝሊንክ፥ ማይክሮሶፍትና ያሁ በአንድነት ተነሥተው በመቶ የሚቆጠሩ ላኪዎችን ከሰሱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

የሆነ ሆኖ ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት አንድ አይደሉም። የሳይበር ፕሮሞሽንስ ባለቤት ሳንፎርድ ዋላስ በ2009 ለፌስቡክ 711 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ዕዳ ከአንድ ሰው ኪስ ማውጣት ከቶ አይቻልም። በመጨረሻ በ2016 የ30 ወር እስራት ተፈረደበት።

ሕግም ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ይወድቃል። በ2008 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዚያን ግዛት ሕግ ሻረው። ምክንያቱም ሕጉ ንግድን ብቻ ሳይለይ፥ ስሙን ሰውሮ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ሃይማኖት ለብዙ ሰው የሚጽፈውንም ሰው የሚያስቀጣ ስለ ነበረ ነው። እንክርዳዱን ለመንቀል ሲሉ ስንዴውን መንቀል እንደማይገባ ካህናቶቻችን ከወንጌል የሚያስተምሩን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ በኢሜይል ማስታወቂያ መበተንን በወንጀል ያስቀጣል። ላኪው እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን ከገለጸ፥ ተቀባዩም እንቢ የሚልበትን ቀላል መንገድ ካኖረለት ግን አይቀጣም። ይህ ሐቀኛውን ነጋዴ ከአታላዩ የሚለይ መልካም ሥርዓት ነው። ከዚህም በላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። እንግዲህ ወኅኒ ቤት ብቻ መድኃኒት አይደለም፤ የተጐዳ ሁሉ ጉዳቱን በማስረጃ ቆጥሮ ዳኝነት ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኞቻቸውን አቤቱታ ሰብስበው ሕግን ለመጠየቅ እንዲተጉ፥ ዳኞችም የደረሰውን ጉዳት በእውነት እንዲመዝኑ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለሕዝብ መልእክት ሲልኩ ስማቸውን ገልጠው በልክ በመላክ ምሳሌ ሊሆኑ ይገባል። የሰው ደጃፍ ሳይንኳኳ እንደማይገባበት ሁሉ የመልእክቱም ሣጥን እንዲሁ መከበር አለበት። በሌላው ወጪ ማትረፍ ንግድ ሊባል አይገባውምና።