በ50 ሰው የጸደቀው መድኃኒት

ጠፈርተኛው ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ከመርገጡ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962፣ ካረን የተባለች ልጁን ቀበረ። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ሕመሟ በአንጎል ግንድ ላይ የበቀለ ዕጢ ሲሆን የተሰጣት ሕክምና ጨረር ነበር። ዛሬም ይኸው ዕጢ የተገኘበት ልጅ በቅድሚያ የሚታከመው በጨረር ነው።

ዕጢው ትንፋሽንና የልብ ምትን ከሚቆጣጠረው ክፍል ጋር ተሰባጥሮ ስለሚያድግ በቀዶ ሕክምና ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። አንጎልን ከደም የሚለየው አጥር ደግሞ አብዛኞቹን መድኃኒቶች አያሳልፍም። በርካታ ልጆች ሕመማቸው ከታወቀ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ በሕይወት አይቆዩም።

በኦገስት 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዶርዳቪፕሮን የተባለውን እንክብል በተፋጠነ መንገድ ሲያጸድቅ ደስታው ትልቅ የሆነው ለዚህ ነው። ፈቃዱ፣ በዚህ ዓይነት ዕጢ ላይ በብዛት የሚታየው ኤች3 ኬ27ኤም የሚባል የዘረመል ለውጥ ያለበት ዕጢ ከሕክምና በኋላ ለባሰባቸው ሕሙማን ነው። ማስረጃው ግን 50 ሰው ነው። ዕጢያቸው የቀነሰው 22 በመቶ፣ ማለትም 11 ሰዎች ናቸው። ከጎናቸው መድኃኒቱን ያልወሰደ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ስለዚህ ዕድሜ ማርዘሙ አልተረጋገጠም።

ያም ሆኖ ማጽደቁ ስህተት አልነበረም። ሌላ አማራጭ የሌለውን ሰው ዓመታት ጠብቅ ማለት ጭካኔ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አክሽን የተሰኘው ትልቅ ሙከራ፣ ጨረር የጨረሱ አዲስ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱን፣ ለሌሎቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል እየሰጠ ዕድሜያቸውን ያነጻጽራል። መድኃኒቱ ገበያ ላይ እያለ ልጁን ለዚህ ዕጣ ለመስጠት ወላጅ ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል?

ሸክሙ መውደቅ ያለበት በወላጁ ላይ ሳይሆን በአምራቹና በተቆጣጣሪው ላይ ነው። ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ጥሩ ማሳያ ነው፦ በ2009 ግሊዮብላስቶማ ለተባለው የአንጎል ካንሰር፣ ከሕክምና በኋላ ሲመለስ እንዲሰጥ፣ እንዲሁ በተፋጠነ መንገድ ጸደቀ። በ2014 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ አዲስ ሕሙማን ላይ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳዩ። በ2017 ግን፣ ዕድሜ እንዳልጨመረ ባሳየ ሌላ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። የዕጢውን እድገት ማዘግየቱ በቂ ሆኖ ተቆጠረለት። ለዶርዳቪፕሮን እንዲህ ያለ ምሕረት አይገባም፤ የአክሽን ውጤት ዕድሜ አልጨመረም ካለ ፈቃዱ ይነሣ፣ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብም ወደ ቀጣዩ ሙከራ ይዙር።