የትንንሽ አውቶሞቢሎች ሞተር፤ ስለ መጠኑና ስለ ኃይሉ

ለልጅ የሚሰጥ ስጦታ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ዓይንን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ሲሆን፤ ሁለተኛው ከደስታው ጋራ ዕውቀትን የሚጨምር ነው። በራዲዮ ማዕበል ከሩቅ የምትነዳው ትንሽ አውቶሞቢል ከሁለተኛው ወገን ትቈጠራለች። ነገር ግን ወላጆች የሞተሯን መጠንና ኃይል ሳይመረምሩ የገዟት እንደ ሆነ የጉዳት ዕቃ ልትሆን ትችላለችና፤ በዛሬው ገጻችን ይህን ነገር ለመግለጽ አስበናል።

ዕቃን ያለ ሽቦ ከሩቅ መንዳት አዲስ ጥበብ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት ትንሽ ጀልባ በራዲዮ ማዕበል እየመራ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር።

የሞተር መጠን ማለት ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጠርገው ስፍራ ልክ ነው፤ ይህም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይለካል። በነዳጅ በሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች ላይ ግን 12፤ 21፤ 28 የሚል ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቍጥር የአንድ ኪዩቢክ ኢንች መቶኛ ክፍል ነው። አንድ ኪዩቢክ ኢንች 16.39 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለ ሆነ፤ 12 የተባለው 2 ያህል፤ 21 የተባለው 3.5 ያህል፤ 28 የተባለውም 4.6 ያህል ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ርዝመቷ የእውነተኛው አውቶሞቢል ዐሥረኛ እጅ ለሆነችው ብዙ ጊዜ 12፤ ስምንተኛ እጅ ለሆነችው 21 ይገጠምላታል።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብናደርግ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። የአንድ ዕቃ ርዝመት፤ ወርድና ቁመት እያንዳንዱ በ10 ሲከፈል ይዘቱ በ1000 ይከፈላል። ስለዚህ የ2000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሞተር ዐሥረኛ አምሳያ 2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ትንሿ በመጠን ከትልቋ አትበልጥም፤ በኃይል ግን እጅግ ትበልጣለች። የ3.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የእሽቅድምድም ሞተር ከ2 የፈረስ ጕልበት በላይ እንደሚሰጥ ሠሪዎቹ ይናገራሉ፤ የ2000 ሞተር በዚሁ ልክ ቢሰጥ ኖሮ ከ1000 የፈረስ ጕልበት በላይ በሆነ ነበር።

የዚህም ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፤ ኃይል የሚገኘው የማዞሪያው ጕልበት በዙሩ ፍጥነት ሲባዛ ነው፤ ትንሹ የእሽቅድምድም ሞተር በደቂቃ ከ30000 ጊዜ በላይ ሲዞር፤ የተለመደው የአውቶሞቢል ሞተር ከ6000 ወይም ከ7000 ብዙ አያልፍም። ሁለተኛ፤ ትልቁ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሲተኵስ ትንሹ በየዙሩ ይተኵሳል። ሦስተኛ፤ ነዳጁ ሜታኖል፤ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተቀላቀሉበት ነው፤ ናይትሮሜቴንም የራሱን ኦክሲጅን ስለ ያዘ ብዙ ነዳጅ በአንድ ጊዜ እንዲቃጠል ያደርጋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር ግን ልኩ ሌላ ነው። ብሩሽ በሌለው ሞተር ላይ ኬ ቪ የሚል ምልክት ከቍጥር ጋራ ይጻፋል፤ ትርጓሜውም ሸክም ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው። 3000 የተጻፈበት ሞተር በ7.4 ቮልት ባትሪ 22200 ጊዜ ይዞራል። ብዙ ሰዎች ይህን ቍጥር የኃይል ልክ አድርገው ይቈጥሩታል፤ ነገር ግን የዙር ፍጥነት ልክ እንጂ የኃይል ልክ አይደለም። ኃይሉ የሚታወቀው ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ነው፤ ውጤቱም ዋት ይባላል፤ 746 ዋት አንድ የፈረስ ጕልበት ነው።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ብርታት አራት እጥፍ እንደሚሆን ማስተዋል ይገባል። 3 ኪሎ የምትመዝን አውቶሞቢል በሰዓት 60 ኪሎሜትር ስትሮጥ የምትይዘው ብርታት፤ 42 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ከአንድ ሜትር ከፍታ ወድቆ ከሚያገኘው ጋራ ይተካከላል። ይህ በሕፃን እግር ላይ ቢያርፍ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ደግሞም ሜታኖል መርዝ ነው፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪም ያበጠ እንደ ሆነ ወይም ያለ ጠባቂ የተሞላ እንደ ሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ በ7.4 ቮልት የምትሠራና ፍጥነቷን መወሰን የሚቻል አነስተኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ትበቃዋለች። መንዳትም የሚገባው ሰውና ከብት በሌለበት ገላጣ ሜዳ፤ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ነው። ልጁ የቮልቱንና የአምፔሩን ሒሳብ በገዛ እጁ ማስላት፤ ዕቃውንም ፈትቶ መግጠም ሲለምድ፤ ያን ጊዜ ከፍ ያለ ሞተር ቢሰጠው ይገባዋል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፤ ኃይልም ከዕውቀት ጋራ አብሮ ሊያድግ ይገባል።